ቡችላን በገመድ ማለማመድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዳማን ቤት ያመጣኋት በባዶ የብስኩት ካርቶን ነው። በሦስተኛው ቀን ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የገዛሁትን ሰንሰለት አንገቷ ላይ አስሬ «ነይ እንውጣ» አልኳት። ከኮንዶሚኒየማችን በር አሥር እርምጃ ሳንርቅ ኮብልስቶኑ ላይ ልጥፍ ብላ ተኛች። ስስባት ባሰባት። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ሞተች እንዴ?» አለ። ማዶ ጎመን የሚሸጡ እናት ደግሞ «አንተ ልጅ፣ የገበያ በግ መሰለችህ እንዴ?» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። በግ እየተጎተተም ቢሆን የሚሄደው ለአንድ ቀን ነው። ውሻ ግን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ አብሮን ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ቡችላ ያመጣ ጎረቤትና ጓደኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ ተመሳሳይ ነገር ስለሆነ መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። የሕክምና ነገር ሲመጣ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ስንት ወር ሲሞላው ልጀምር?

ቤት በገባበት ሳምንት። ቡችላ ከእናቱ መለየት ያለበት 8 ሳምንት ሲሞላው ነው፤ በዚያ ዕድሜ ቀላል የአንገት ማሰሪያ መልመድ ይችላል። መንገድ ይወጣል ማለቴ ግን አይደለም። ልምምዱ የሚጀምረው ሳሎን ውስጥ፣ ኮሪደር ላይ ወይም የተዘጋ ግቢ ውስጥ ነው።

መንገድ ዳር የሚሸጥ ቡችላ ከሆነ በዕድሜው ጉዳይ ሻጩን አትመኑ። ሁሉም «ሁለት ወሩ ነው» ይላል። አፉን ከፍታችሁ እዩ። የወተት ጥርሶቹ ገና ብቅ ብቅ እያሉ ከሆነ ሁለት ወር አልሞላውም። መርፌ የመሰሉት ትንንሽ ጥርሶች ሁሉ ከወጡ ሁለት ወር ገደማ ሆኖታል። የፊቶቹ መርገፍ ከጀመሩ አራት ወር አካባቢ ነው።

ክትባቱ ሳያልቅ ውጭ ማውጣት እችላለሁ?

በእግሩ አይደለም። አቅፋችሁ ግን አዎ፣ እንዲያውም አውጡት።

እኔ ዳማን በሦስተኛው ቀን ኮብልስቶን ላይ ማስቀመጤ ትልቁ ጥፋቴ ነበር። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ በታመመ ውሻ ሰገራ ይወጣና አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። በጫማችን ሶልም ቤት ድረስ ይገባል። ተራ ሳሙና አይገድለውም፤ በበረኪና ግን ይሞታል። ያልተከተበ ቡችላ ከያዘው ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ባለቤት የሌላቸው ውሾች በሚውሉበት ሰፈር ደግሞ የትኛው ጥግ ንጹሕ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ይጀመርና በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል። የመጨረሻው የሚሰጠው 16 ሳምንት ሲሞላው ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው «አንዴ ተወግቷል፣ በቃ» ይላል። አይበቃም። ቡችላው ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ ገና ሰውነቱ ውስጥ ካለ ክትባቱን ሊያከሽፈው ይችላል፤ የሚደጋገመውም ለዚህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለብቻው ነው። አብዛኛውን ጊዜ 3 ወር ሲሞላው ይሰጥና ከዓመት በኋላ ይደገማል።

ታዲያ ቤት ዘግታችሁበት ጠብቁ ልላችሁ አይደለም። ቡችላ ዓለምን በቀላሉ የሚለምደው ከ3ኛው እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ያላየውንና ያልሰማውን ሲያድግ ሊፈራው ይችላል። ስለዚህ በጋቢ ጠቅልላችሁ ወይም በዘንቢል ይዛችሁ በር ላይ ቁሙ። ባጃጁን ይስማ፣ የወያላውን ጩኸት ይስማ፣ ዣንጥላ የያዘ ሰው ይይ። እግሩ መሬት ሳይነካ አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ክትባቱን የጨረሰ ጤነኛ ውሻ ያለው ጓደኛ ካላችሁም ግቢው ድረስ ይዛችሁት ሂዱ።

ምን ዓይነት ገመድ ልግዛ?

ሰንሰለት ተዉት። ይከብዳል፣ ይንኳኳል፣ ቡችላውን ያስደነግጣል። ሲባጎም እንደዚያው፤ ቀጭን ስለሆነ አንገቱንም እጃችሁንም ይቆርጣል።

የሚያስፈልገው ከ1.5 እስከ 2 ሜትር የሚሆን ቀላል የጨርቅ ወይም የናይሎን ገመድ ነው። መንጠቆው ትንሽ ይሁን። ለትልቅ ውሻ የተሠራ መንጠቆ የቡችላን አንገት ወደ ታች ይጎትታል። እየተፈታ እየተጠቀለለ የሚረዝመውን ባለ እጀታ ገመድ ለጀማሪ አልመክርም። በባሕርይው ሁልጊዜ ትንሽ ውጥር ያለ ነው፤ እኛ ደግሞ ልናስተምር የምንፈልገው የላላውን ነው።

ለመራመጃ የደረት ማሰሪያ፣ ሱቆች ሃርነስ የሚሉት፣ ይሻላል። ቡችላው ድንገት ቢወረወር ጉልበቱ ጉሮሮው ላይ ሳይሆን ደረቱ ላይ ያርፋል። አንገታቸው ቀጭን ለሆኑ ትንንሽ ዝርያዎች በተለይ። ክንዱ ሥር እንዳይልጠው አረጋግጡ። የአንገት ማሰሪያውን ደግሞ ስልክ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ አድርጉለት። በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። ቡችላ በፍጥነት ስለሚያድግ በየሳምንቱ ለኩ። ረስተውት ማሰሪያው ቆዳ ውስጥ የሰመጠበትን ውሻ አይቻለሁ፤ ደግሜ ማየት አልፈልግም።

ሲሳብ የሚያንቅ ሰንሰለትና ባለ ሹል ጥርስ ማሰሪያስ? ለቡችላ በፍጹም።

የመጀመሪያው ቀን ላይ ምን ላድርግ?

ከምግቡ በፊት የአንገት ማሰሪያውን አድርጉለት፣ ምግቡን ስጡት፣ ሲጨርስ አውልቁለት። ይኸው ነው። ያክከዋል፣ ይዞራል፣ ይተኛል። አትሳቁበት ማለት አልችልም፣ ያስቃል። ግን አትቆጡት። በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ይረሳዋል።

ከዚያ ቀላል ገመድ አስራችሁ ቤት ውስጥ እየጎተተው ይዙር። እናንተ አትያዙት። አጠገቡ ግን ሁኑ፤ ገመዱ የወንበር እግር ላይ ተጠምጥሞ ሊያንቀው ይችላል። ሥራ ስትሄዱ ገመድም ሃርነስም አይቆይበት።

ሦስተኛው ደረጃ ገመዱን መያዝ ነው። ያዙትና እናንተ እሱን ተከተሉት። አዎ፣ እናንተ። ትንሽ ቆይታችሁ ጎንበስ በሉና ጥሩት። ሲመጣ «እሰይ!» በሉና ወዲያው ጉርሻ ስጡት። ቃሉ ሁልጊዜ አንድ ይሁን። እኔ «እሰይ» የመረጥኩት አጭር ስለሆነና በቁጣ ልበለው ብል እንኳ ስለማይመቸኝ ነው።

ቁጭ ይልና አልንቀሳቀስም ይላል። ልጎትተው?

አይ። ውሻን ወደ ፊት ስትስቡት በተፈጥሮው ወደ ኋላ ይገፋል። ሰውም እጁን ድንገት ቢጎትቱት ያደርገዋል። ስለዚህ በሳባችሁት ቁጥር እምቢታውን ታጠነክሩታላችሁ።

ገመዱን አላሉት። ፊት ለፊቱ አትቁሙ፤ ጎኑ ላይ ቁጭ በሉና ወደምትሄዱበት እዩ። ጠብቁ። አንድ እርምጃ ከተራመደ «እሰይ!» እና ጉርሻ። አንድ እርምጃ ብቻ ቢሆንም። ለዳማ ከበሩ እስከ ጎመን ሻጯ መደብ ለመድረስ፣ ክትባቷን ከጨረሰች በኋላ፣ አራት ቀን ፈጅቶብናል። በአራተኛው ቀን እናትየዋ «አሁን ገና ሰው ሆንክ» አሉኝ። ለእሷ አይደለም ያሉት፤ ለእኔ ነው።

ደግሞ ምክንያቱን ፈልጉ። ፈርቶ ይሆናል። ደረጃ አይቶ የማያውቅ ቡችላ ከአራተኛ ፎቅ ወደ ታች ሲያይ ገደል ነው የሚመስለው። ደረጃውን ተሸክማችሁት ውረዱ። ሁልጊዜ ንቁ የነበረ ቡችላ በድንገት ከፈዘዘ፣ ካነከሰ ወይም ምግብ ከተወ ግን የልምምድ ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

እሱ ነው የሚጎትተኝ። እንዴት ላስቁመው?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ የለም። መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ገመዱ ሲላላ እንሄዳለን፣ ሲወጠር እንቆማለን።

ውሻ የሚጎትተው ስለሚሠራለት ነው። ጎተተ፣ እናንተ ተከተላችሁ፣ ዛፉ ጋ ደረሰ። ከእሱ አንጻር መጎተት መኪና ማስነሻ ቁልፍ ነው። ስለዚህ ቁልፉ እንዳይሠራ ማድረግ ነው። ገመዱ በተወጠረ ቅጽበት እንደ መብራት ምሰሶ ቀጥ በሉ። አትቆጡ፣ አትንጠቁ፣ አታውሩ። ዞር ብሎ ሲያያችሁ ወይም አንድ እርምጃ ሲመለስ ገመዱ ይላላል። ያኔ «እሰይ!» በሉና ጉርሻውን ከእግራችሁ ጎን ስጡት፤ ከፊታችሁ ከሰጣችሁት ወደ ፊት መቅደምን ታስተምሩታላችሁ። ቀጥሉ። እንደገና ወጠረ? እንደገና ምሰሶ።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከቤት በር ላታልፉ ትችላላችሁ። ችግር የለውም። ሥራ ለመድረስ የቸኮላችሁበት ጠዋት ግን ለልምምድ አይሆንም፤ ቸኩላችሁ ሦስት ጊዜ ከተከተላችሁት «አንዳንዴ ይሠራል» ብሎ ይማራል። አንዳንዴ የሚሠራ ነገር ደግሞ ለመተው በጣም ይከብዳል። ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው ታውቁ የለ?

እዚህ ላይ ብዙ ቤት ይፈርሳል። እናት ምሰሶ ትሆናለች፣ ልጁ ግን እየተጎተተ ይሮጣል፣ ዘበኛው ደግሞ ይጎትታል። ውሻው ሦስት ሕግ ይማራል። ቤተሰቡን ሰብስቡና አንድ ሕግ ይሁን። ትንንሽ ልጆች ገመዱን ብቻቸውን አይያዙ። ትልልቆቹም ገመዱን እጃቸው ላይ አይጠምጥሙ፤ ውሻው ድንገት ቢፈተለክ ጣት ይሰብራል።

ገመዱን እየነከሰ መጫወቻ አድርጎታል።

ጥርስ እያበቀለ ነው። ከ4 እስከ 6 ወር ድረስ ድዱ ያሳክከዋል። ገመዱን ከአፉ ለመንጠቅ አትታገሉ፤ ለእሱ ጉተታ ጨዋታ ነው። እጃችሁን አቁማችሁ ሌላ የሚታኘክ ነገር ስጡት። እኔ አሮጌ ፎጣ ቋጥሬ ኪሴ እይዝ ነበር። ሲደክመው ይብስበታልና ልምምዱንም አሳጥሩ።

ለጉርሻ ምን ይሻላል?

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባል የለ? በበላበትም ይማራል። ጉርሻው ግን የሰው ጉርሻ አይሁን፤ የሽምብራ ፍሬ ግማሽ ቢያክል ይበቃል። በአንድ ልምምድ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ስለምትሰጡት ሆዱን እንዳይሞላ። የሰጣችሁትንም ከቀን ምግቡ ቀንሱ።

የተቀቀለ ሥጋ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ካሮት ይሆናል። ብዙዎቻችን ከልኳንዳ ሳንባ እንገዛለን፤ ርካሽ ነው፣ ውሾችም ያብዱለታል። ግን ጥሬውን አትስጡ። በጥሬ ሳንባና ጉበት ውስጥ የሚገኝ የትል እጭ ውሻው ሆድ ውስጥ አድጎ፣ እንቁላሉ በሰገራው ወጥቶ እኛን ሊይዝ ይችላል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት የሚያመጣው እሱ ነው። በደንብ ቀቅሉት፣ በትንንሹ ክተፉት፣ አድርቁት። በጾም ወቅት ቤት ውስጥ ፍስክ ማብሰል የማትፈልጉም አስቀድማችሁ አድርቃችሁ ብታስቀምጡ ትገላገላላችሁ። ካልሆነም የተቀቀለ ድንች ወይም ካሮት።

ወጥ የነካው እንጀራ አይሆንም። የሚያቃጥለው በርበሬ ብቻ አይደለም ጉዳዩ። ቀይም ነጭም ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፤ ያለ ሽንኩርት ደግሞ ወጥ የለም። ቸኮሌት፣ ዘቢብና ወይን መርዝ ናቸው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ከበዓል ማግስት መንገዱ ሁሉ አጥንት ስለሚሆን በእነዚያ ቀናት ገመዱን አጠር አድርጋችሁ ያዙ።

የሰፈር ውሾች ቢከቡንስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ ይዞ የሚወጣ ሰው ትልቁ ስጋቱ ይህ ነው። ለዚህም ነው ብዙዎች ልምምዱን የሚተዉት።

መጀመሪያ ሰዓት ምረጡ። ውሾቹ በመንጋ የሚንቀሳቀሱት ጎሕ ሳይቀድና ከመሸ በኋላ ነው። ፀሐይ ስትሞቅ ብዙዎቹ ጥላ ፈልገው ይተኛሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ለእኔ ጥሩ ነው። ዳር ዳር ያሉ ሰፈሮች የምትኖሩ ደግሞ ጅብ እንዳለ አትርሱ። ቡችላ ይዞ ማታ ጫካ ጥግ መሄድ ለጅብ ራት ማቅረብ ነው።

መንገዱንም አጥኑ። የትኛው ጥግ ላይ የወለደች ውሻ እንዳለች ከሰፈር ልጆች በላይ የሚያውቅ የለም። ጠይቋቸው። የወለደች ካለች ያንን መንገድ ለሁለት ወር እርሱት።

ከመጡባችሁ አትሩጡ። ቡችላውን ከኋላችሁ አድርጉና ቁሙ። አፍጥጣችሁ አትዩአቸው። በወፍራም ድምፅ «ሂድ!» በሉ። ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ እንደማለት ብቻ አድርጉ፤ የእኛ አገር የመንገድ ውሻ ያችን ጎንበስ ማለት በደንብ ያውቃታል፣ አብዛኛው ያፈገፍጋል። በእርግጥ መወርወር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያናድዳቸዋል፣ ቡችላችሁም ውሻ በታየ ቁጥር ጠብ አለ ብሎ ይማራል። ከዚያ ፊታችሁን ሳታዞሩ ቀስ ብላችሁ ራቁ። ጥግ ካገኛችሁ፣ ሱቅም ይሁን የግቢ በር፣ ግቡ።

ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት እያያችሁ። ከዚያ በዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይታይ ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረ ግን ያድናል። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ ክትባቱ ግን ዛሬ ይጀመር። «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ መቆየት አይገባም። ቡችላው ከተነከሰም፣ ተከትቦ ቢሆን እንኳ፣ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት።

መኪናና ርችት ይፈራል። ምን ይሻላል?

ርቀት። ዋናው መንገድ ዳር ካስፈራው ሃምሳ ሜትር ራቁና እዚያ ጉርሻ ስጡት። ጉርሻውን በደስታ ከበላ ርቀቱ ልክ ነው። እምቢ ካለ ገና ቅርብ ናችሁ። በየቀኑ ጥቂት እርምጃ ተጠጉ። እየጎተቱ «ይልመደው» ማለት ፍርሃቱን ያከብደዋል።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማና የገና ሌሊት ርችቱ ከመጀመሩ በፊት አውጥታችሁ አስገቡት። በርችት የደነገጠ ውሻ ከማሰሪያው ሾልኮ ይጠፋል። የክረምት መብረቅ ሲያጉረመርምም ያው ነው።

ሰው ሲያየን ይሸሻል፣ ጎረቤትም ያጉረመርማል።

መብታቸው ነው። ብዙ ሰው በልጅነቱ ተነክሷል ወይም ያበደ ውሻ ያሳደደውን ሰው ያውቃል። «አይናከስም» ማለት መልስ አይሆንም። ሰው ሲመጣ ገመዱን አሳጥሩና እናንተ በሰውየውና በውሻው መካከል ሁኑ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አጠገብ ስታልፉ ሌላኛውን ጠርዝ ያዙ፤ ለጸሎት የሚሄድ ሰው ልብሱን ውሻ እንዲነካው አይፈልግም። ፌስታል ያዙና ሰገራውን አንሡ። ጎረቤቶቼ ዳማን መውደድ የጀመሩት ፌስታሉን ካዩ በኋላ ነው።

በቀን ስንት ደቂቃ?

ለልምምዱ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። ክትባቱን ጨርሶ ለሽርሽር ሲወጣ ደግሞ እሱን እዩት፤ ወደ ኋላ መቅረት ወይም መተኛት ከጀመረ በቅቶታል። አጥንቱ ገና እያደገ ስለሆነ ከብስክሌት ኋላ ማስሮጥ የለም። እንደ አዳማና ድሬዳዋ ሙቀት ባለበት የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ሰባት ሰከንድ አስቀምጡ። ካቃጠላችሁ መዳፉንም ያቃጥለዋል።

ግቢ ውስጥ ታስሮ ቢውል ገመድ አይለምድም?

እንዲያውም ይብስበታል። ታስሮ የዋለ ውሻ ቀኑን ሙሉ የሚለማመደው ወጥሮ መሳብን ነው። ሰው ሲያልፍ ይወረወራል፣ ሰንሰለቱ ይመልሰዋል፣ ይናደዳል። ወላጆቻችን «ካልታሰረ ኃይለኛ አይሆንም» ይሉ ነበር። ኃይለኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ለሌባውም፣ ለእንግዳውም፣ ለራሳችሁ ልጅም ነው። ማሰር ግድ ከሆነ ቡችላ እስካለ ድረስ ሰው ባለበትና ለአጭር ጊዜ ይሁን።

መቼ ነው የሚለምደው?

ቤት ውስጥ በላላ ገመድ መሄድን በሁለት በሦስት ሳምንት ታዩታላችሁ። መንገድ ላይ ወራት ይፈጃል። ከ6 ወር አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ጎረምሳ ይሆንና የተማረውን ሁሉ የረሳ ይመስላል። አልረሳም፤ ከእናንተ ይልቅ ሽታው አጓጉቶት ነው። ጸጥ ወዳለ ቦታ ተመለሱና ምሰሶውን እንደገና ጀምሩ።

ዳማ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ከበሩ እስከ ታክሲ መያዣው ገመዱ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ላልቶ አብራኝ ትሄዳለች። ልኳንዳው ጋ ስንደርስ ግን ዛሬም ምሰሶ ሆኜ ቆሜ እጠብቃለሁ። ባለ ልኳንዳው ለምዶናል፤ «ዛሬ ስንት ደቂቃ ፈጀ?» ይለኛል።